ከግራ ክንፍ ሥር

በክረምት ቀለም አይደርቅም። ነፋስ ስልክ ያለ ቀለም ቀቢ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ሐምሌና ነሐሴን ላሜራ ሲጠግን፣ ስቱኮ ሲሞላ፣ ሥራ ከጠፋም ሻይ ቤት ተቀምጦ ዝናቡን ሲረግም ይከርማል። በ1989 ክረምት ግን ቀለሙ ባይደርቅለት ደስ የሚለው አንድ ቀለም ቀቢ ነበር። ደምሰው ይባላል። ቀለሙ እስካልደረቀ ድረስ ናዝሬት ትመጣለች። ደርቆ ካለቀ በምን ሰበብ ትምጣ? የኮሎኔል ልጅ፣ ቢሮ ውላ የምትገባ፣ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች የምትሄድ ልጅ፣ ከጋሽ ሮበሌ ጋራዥ ጓሮ፣ በቆርቆሮ በተከለለች አንዲት ክፍል ውስጥ ምን ጉዳይ አላት?

ጉዳይዋ ከክንድ የምታጥር የፕላስቲክ አውሮፕላን ነበረች። ጀርመን አገር ያለው አጎቷ ኤልያቄም፣ ቁርጥራጯን እንዳለ በካርቶን አድርጎ ለእህቱ፣ ለናዝሬት እናት ለወይዘሮ ሸዋረገድ የላካት ሚግ 21 ናት። የናዝሬት አባት ኮሎኔል ሙሴ የሚያበሩት እንዲህ ያለውን ሚግ ነበር። ግንቦት 1983፣ መንግሥት ሊለወጥ ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ማለዳ ይዘውት ተነሡ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። በዚያ ሰሞን አውሮፕላኑን ይዞ ወደ ጎረቤት አገር የተሻገረ አብራሪ ጥቂት አይደለም። የተሻገረውም ቢዘገይ በዓመቱ፣ በሁለት ዓመቱ ለሚስቱ ደብዳቤ ጽፏል። የኮሎኔል ሙሴ ደብዳቤ ግን ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው፣ አልደረሰም።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ጥቁርም አልለበሱም። ሊያጽናናቸው የመጣውን ሰው «ምን ሆንኩና?» ብለው ከበር ይመልሱታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የባላቸውን ሙሉ ልብስ ፀሐይ ላይ አውጥተው ያናፍሳሉ። «ሙሴ መንገድ ላይ ነው» ነው ቃላቸው። ናዝሬት የደምሰውን ነገር ጫፉን ብታነሣባቸው ጊዜም መልሳቸው አጭር ነበር።

«ቀለም ቀቢ መሆኑን ተይው፤ እሱን አባትሽ ይጨነቅበት። አባትሽ ሳይመጣ ግን በዚህ ቤት የሰርግ ወሬ አይነሣም። ሽማግሌ ቢላክስ ማን ሊቀበለው ነው? ባዶ ወንበር?»

ደምሰውና ናዝሬት የተዋወቁት በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። የእናቷን አሮጌ ፊያት በሯን አስጭራ ለማስቀባት መጣች፤ የእጁን ጥራት አየችና በሳምንቱ ያን ካርቶን ታቅፋ ተመለሰች። «መኪና የምታሳምር ሰው አውሮፕላን አያቅትህም» አለችው። እውነትም አላቃተውም። መጀመሪያ ቁርጥራጯን አጣብቆ፣ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ከዚያ አሸዋማውን፣ አረንጓዴውንና ቡናማውን በየተራ ነፋባት። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን የአየር ኃይል ክብ ምልክት በአንዲት ቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሹን ይዞ ሣለ። ቀለሙ ሲያልቅ ደግሞ ሌላው ሥራ መጣ። ደምሰው «ማስረጀት» ይለዋል። አዲስ የመሰለችውን ሚግ ጦርነት የዋለች ማስመሰል ማለት ነው። እሱን ካርቶኑን ባመጣችበት ቀን ናዝሬት ናት የጠየቀችው። እናቷ እንድታብረቀርቅ ቢፈልጉም «አባዬ ይዟት ይገባ እንደነበረው አድርጋት» አለችው። ካርቶኑ ውስጥም ፎቶግራፍ ጨመረችለት። ኮሎኔል ሙሴ ከሚጓ ክንፍ ሥር ቁጢጥ ብለው፣ በፀሐዩ ዓይናቸውን አጥብበው ይስቃሉ።

ያን ፎቶግራፍ ባየ ጊዜ ደምሰው ክው ብሎ ቀርቷል። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ፤ አልደብቃችሁም። እሱ ግን ደበቃት። ያ መደበቁ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ያመጣው።

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቢሮ ወጥታ በቀጥታ መጣች። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እንደ ጉድ ይደበድበዋል።

«ዛሬስ የቱን ልታቆሽሽልኝ ነው?» አለች ዣንጥላዋን እያራገፈች።

«ጭሱን። ነይ ቁጭ በይ፣ ወንበሩ ደረቅ ነው።»

የእርሳስ ጫፍ በምላጭ ፍቆ ያደቀቀውን ዱቄት በጥጥ ነክቶ ከሚጓ ጭራ ወዲህ እያሻሸ ጥቀርሻ ሲያወጣ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ታየው ጀመር። ደምሰው የምታየው እጁን ይመስለዋል። የምታየውስ ፊቱን ነበር፤ ቀና ሲል ግን ቶሎ ብላ ዓይኗን ወደ ሚጓ ትመልሳለች። ወይ ፍቅር! ሁለቱም እንዲህ ዓይን ለዓይን እየተሰራረቁ ሰባት ወር ገፉ።

ያን ጨዋታቸውን ደግሞ አመጣችው። እሷ እድፉን በጣቷ ትነካለች፤ ከየት እንደመጣ ትናገራለች፤ እሱ ያርማታል።

«ይኼ የተላጠው፣ ሜካኒኮቹ ሲወጡ ሲወርዱ በጫማቸው የሚረግጡት ነው።»

«ልክ ነው።»

«ይኼ ጥቁሩ መድፉ ሲተኮስ። ይኼ ጭረት ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ።»

«ልክ ነው።»

«ይኼኛውስ? ዝም ብለህ ጨምረኸዋል መሰለኝ።»

«ዝም ብዬ የምጨምረው የለም፤ ጎማው ጭቃ ሲረጭ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው» አለ ደምሰው። «ያለ ምክንያት የሚቀመጥ እድፍ የለም፣ ናዚ። ያለ ምክንያት ካቆሸሽናት የልጅ መጫወቻ ትሆናለች።»

«ይኼን ሁሉ ከየት አወቅከው ግን?»

«መጽሔት ላይ።»

ዋሻት። ቶሎ ብላ አመነችው፤ ማመኗ ደግሞ አንጀቱን በላው።

«ቲኬት ነገ እንቆርጣለን» አለች ቀጥላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰኞ ጠዋት በባቡር፤ እማዬም እኔም። አንድ ሾፌር ጅቡቲ ወደቡ አካባቢ ረጅም፣ እግሩን የሚያነክስ አበሻ አይቻለሁ ብሎ ለእማዬ ነግሯታል። መልኩን ሲነግራት እማዬ እሱ ነው አለች። ቢሮዬንም ፈቃድ ጠይቄ ጨርሻለሁ። ካልሰጡኝ እለቃለሁ።»

«ሥራሽን ትለቂያለሽ?»

«አባቴ እኮ ነው፣ ደምሴ!» ከዚያ ፊቷ ፈካ አለ። «ይዘነው ከመጣን በጥር ሽማግሌ ትልካለህ። ራሱ አባዬ ይቀበላቸዋል። በሰርጋችን ቀን በቀኜ በኩል ነው የሚቀመጠው፤ እማዬ በግራዬ። አንተን መጀመሪያ ይቆጣሃል፤ ቁጣው ለአምስት ደቂቃ ነው ግን። ምን ትላለህ?»

ደምሰው ጥጡን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው።

«እግዜር ያሳካልን» አላት።

ዝናቡ ሲያባራ ሄደች። ደምሰው በሩ ላይ ቆሞ እስክትሰወር አያት፤ ያን ያህል የሚወዳትን ልጅ ስትስቅ ማየት ያን ያህል ያመኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

እንግዲህ የደበቀውን ልንገራችሁ። ደምሰው የመኪና ቀለም ቀቢ የሆነው ከ1984 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ወታደር ነበር፤ የአውሮፕላን ሜካኒክ። የኮሎኔል ሙሴን ሚግ ነዳጇን የሚሞላ፣ ጎማዋን የሚያይ፣ «ለበረራ ብቁ ናት» ብሎ ቅጹ ላይ የሚፈርም እሱ ነበር። ያን ቀን ማለዳም እሱ ነው የፈረመው። ከግራ ክንፍ ሥር ነዳጅ ሲያንጠባጥብ እያየ ፈረመ። ከዚያ በሬዲዮ መኪናው አጠገብ ቆሞ የኮሎኔሉን ድምፅ ሰማ። «ነዳጅ ጨረስኩ፤ ታች በረሃ ነው» አሉ። ሁለተኛ አልተሰሙም። በሁለት ቀን ውስጥ ጦሩ ተበተነ፤ ወረቀቱም ተቃጠለ፤ ለቤተሰብ የሚያረዳ አለቃ አልተረፈም። ደምሰውም ተሐድሶ ገብቶ ወጣና፣ የቀድሞ ወታደር መባል ሥራ እያሳጣው ሲሄድ ያለፈ ሕይወቱን ቀብሮ ጋራዥ ገባ።

ያ ፎቶግራፍ ከፊቱ በተቀመጠበት ቀን ሊነግራት ነበር። ነገ እነግራታለሁ አለ። በማግስቱ እየሳቀች መጣች። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገ ሁሉ በዚሁ ሄደ።

ያን ሐሙስ ማምሻውን ሚጓን ገለበጣት። ሰማያዊ የተቀባው ሆዷ ሦስት ሳምንት ሙሉ እድፍ ሳይነካው ቆይቷል፤ ፈርቶት ነው። ንጹሕ አድርጎ ሊተወው ሁለቴ የቫርኒሹን ቆርቆሮ ከፈተ፣ ሁለቴ ከደነ። ሁሉን ቦታ በእውነት አስረጅቶ ያቺን አንዲት ቦታ ብቻ መዝለል እንደገና መፈረም መስሎ ታየው። ደግሞስ ከሥር ማን ያያል? በጎማዋ ቆማ የወይዘሮ ሸዋረገድ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ የምትቀመጥ ነገር ናት። ቡናማውን በቲነር አቅጥኖ፣ ከግራ ክንፍ መጋጠሚያ ጀምሮ ወደ ኋላ አንዲት ቀጭን መስመር ጎተተ። ጫፏን በጣቱ አደበዘዛት። ልክ ያን ቀን እንዳያት ሆነች። ሞኝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ እድፍ ማንበብ ያስተማራት ማን ሆነና ነው ከሥር የማታየው?

ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ናዝሬት ገባች። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ፊቷ በርቷል። ደምሰው እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ ይዞ ቆሟል።

«እስቲ የመጨረሻ ፈተና ልፈተን» ብላ ፎቶግራፉን ከካርቶኑ አውጥታ ከሚጓ ጎን አቆመችው። ከአፍንጫዋ ጀመረች። ጭረቱን፣ ጥቀርሻውን፣ የተላጠውን አንድ በአንድ ጠራች፤ አንድም አልሳተች። ከዚያ በሁለት እጇ ቀስ ብላ አንሥታ ገለበጠቻት።

«ይኼስ? ይቺን አላስተማርከኝም።»

«ናዚ፣ ተያት እሷን…»

«ቆይ፣ ቆይ! አትንገረኝ፣ ራሴ ላግኛት።» መስኮቱ ጋ ሄዳ ወደ ብርሃኑ አዘነበለቻት። «ከክንፉ መጋጠሚያ ትነሣለች፤ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ እየሄደች ትቀጥናለች። ነፋስ ነው የጎተታት። ዘይት እንዳልል አልጠቆረችም። ነዳጅ ናት! አይደል?»

«ናት።»

«አሥር ከአሥር!» ብላ አጨበጨበች።

ያ ጭብጨባ ደምሰውን ከጥፊ በላይ አመመው። ናዝሬት ግን ገና እየሳቀች ፎቶግራፉን አነሣች፤ ከሚጓ ሆድ ጋር አስተያየችው፤ እንደገና አስተያየችው። ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ወረደ።

«ፎቶው ላይ የለችም» አለች። «ክንፉ እኮ ከነሥሩ ይታያል። ንጹሕ ነው። አንተ ዝም ብዬ የምጨምረው የለም ብለኸኛል። ከየት አመጣሃት?»

በእጁ የያዘው ጨርቅ ቲነር ነክቷል። ተሳስቼ ነው ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠርጋት መስመሯ ትጠፋለች፤ ሰኞ ባቡሩ ይሄዳል፤ ናዝሬትም ጅቡቲ ወደብ ለወደብ ሙት ትፈልጋለች። ጨርቁን ወረወረው።

«አይቻታለሁ» አላት።

«መቼ?»

«ግንቦት አሥራ ሰባት ማለዳ።»

«አባዬ የሄደበት ቀን ነው እኮ።»

«አዎ። ሜካኒካቸው እኔ ነበርኩ፣ ናዚ። መሰላሉን የያዝኩላቸው፣ ቅጹ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ነዳጁ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ነዳጅ ማለቁን ሲናገሩም በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ከበረሃው አልወጡም።»

ሁሉንም ነገራት፤ መንተባተቡ ካልሆነ በቀር አንድ ቃል አላስቀረም። ናዝሬት አላለቀሰችም። ሚጓን ጠረጴዛው ላይ እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ አስቀመጠቻት፤ ፎቶግራፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከንፈሯ ብቻ ነጭ ሆኗል።

«ትናንት እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ» አለች፣ «አባቴን በሰርጌ ላይ በቀኜ አስቀመጥኩት። ይቆጣሃል አልኩህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

ደምሰው አንገቱን ደፋ።

«'እግዜር ያሳካልን' አልከኝ።»

«ናዚ፣ ልነግርሽ ስል…»

«ለእማዬ አንተ ትነግራታለህ። እኔ አልችልም። ሰኞ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት።» ዣንጥላዋን ሳትዘረጋ ዝናቡ ውስጥ ገባች። እሱም ኀፍረት አስሮት ሳይከተላት ቀረ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሚጓን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። የኮሎኔሉ ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ ግቢው ሰፊ፣ ግድግዳው ግን ስድስት ዓመት ቀለም ያልነካው ነው። የቤት ሠራተኛቸው ዓለሚቱ ከፈተችለት። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሻንጣ ተሰናድቶ ቆሟል። አንደኛው ገና አልተዘጋም። ከላይ የወንድ ሙሉ ልብስና የተወለወለ ጫማ ይታያል፤ ኮሎኔሉ ሲገኙ የሚለብሱት ነው። 

«ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አመጣሃት? እስቲ ልያት!» ጋዜጣውን ፈትተው ዞር ዞር አደረጓት። «ውይ፣ አሮጌ አደረግኻት እኮ! እንደ አዲስ እንድታብረቀርቅ ነበር የኔ ምኞት። ይሁን፣ ናዚ ናት እንዲህ ያለችህ። ቁጭ በል እንጂ።»

ናዝሬት በመኝታ ቤቱ በር ላይ ተደግፋ ቆማለች። አላየችውም።

«ቆሜ ልናገር፣ እትዬ» አለ ደምሰው። «እኔ ቀለም ቀቢ ብቻ አይደለሁም። የኮሎኔሉ ሚግ ሜካኒክ ነበርኩ።»

ወይዘሮ ሸዋረገድ እጃቸው ሚጓ ላይ እንዳለ ደረቀ። ደምሰው ተናገረ። ለናዝሬት የነገራትን ሁሉ ደገመላቸው። 

«ፈርመሃል?» አሉ ሴትዮዋ።

«ፈርሜያለሁ።»

«እሱስ አይቷል?»

«አሳይቻቸዋለሁ። ጎንበስ ብለው አዩት። 'ይደርሳል፣ ፈርም' አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።»

«ውሸትህን ነው» አሉ በድንገት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ልጄን ፈልገህ ነው! እሱ ሞተ ካልተባለ አትሰጠኝም ብለህ ነው! ሰው ጅቡቲ አይቶታል እኮ!»

«እማዬ…» አለች ናዝሬት።

«ዝም በይ! እሺ አንተ፣ እዚያ ከነበርክ ስለ እኔ ምን አለ? ስለ ልጁ ምን ብሎ ሄደ? ንገረኛ!»

አያችሁ፣ እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ቃል ጣል ማድረግ ቀላል ነበር። ስማችሁን ጠሩ፣ አደራ አሉ ቢል ማን ይፈርድበታል? ደምሰው አልቻለም።

«ምንም አላሉም፣ እትዬ። ጓንታቸው አልገባ ብሏቸው ከሱ ጋር ይታገሉ ነበር። ሌላ አልተናገሩም።»

ወይዘሮ ሸዋረገድ አፈጠጡበት። 

«የትኛው እጁ?» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖ።

«የግራው።»

«ትንሿ ጣቱ ጠማማ ናት» አሉ። «ሁሌ የግራው አይገባለትም። ሁሌ ይሳደብ ነበር።»

ከዚያ ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ። ሻንጣው ጋ ሄደው ሙሉ ልብሱን አወጡና ደረታቸው ላይ አስጠግተው አንድ ጊዜ ጮኹ። «ሙሴዬ! ወየው ሙሴዬ!» ስድስት ዓመት የታመቀ ለቅሶ ነው፤ አጥሩን አልፎ መንደሩን አናወጠው። ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ግቢውን ሞላው። ናዝሬት እናቷን አንገታቸውን አቅፋ አብራ ወደቀች። ደምሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ፤ ማልቀስ አማረው፣ ግን በዚያ ቤት ለማልቀስ ምን መብት አለኝ ብሎ እንባውን ዋጠው።

በዚያው ቀን የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ። ደምሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ሦስቱንም ቀን አግዳሚ ሲሸከም፣ ድንኳኑ ሲያፈስ ሸራ ሲወጥር፣ ለለቀስተኛ ውሃ ሲያቀርብ ዋለ። ሰው ሁሉ ዘመድ መስሎት «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል። ናዝሬት ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን አሳጥራ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ሰኞ ጠዋት የባቡሩ ሰዓት ሲደርስ እናቷ አንገታቸውን አቅንተው ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ ሰዓቱን ከእጃቸው ፈትተው ለልጃቸው ሰጧት።

በሣልስቱ ቀን ወይዘሮ ሸዋረገድ አስጠሩት። ድምፃቸው ተዘግቷል፤ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት።

«ስድስት ዓመት አስቀምጠኸኛል» አሉት። «ይህን ለፈጣሪ ትመልሳለህ። ግን ባሌን የቀበርክልኝም አንተ ነህ። ሌላው ሁሉ አለ፣ አየነው እያለ ሲያታልለኝ የኖረ ነው። እኔ ይቅር ብያለሁ። ሂድ፣ ከሰው ጋር እህል ቅመስ።»

ደምሰው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አነሡት። ይቅርታን ተስፋ ያላደረገ ሰው ሲያገኘው ይከብደዋልና መሬት መሬት እያየ ከድንኳኑ ወጣ። ቀና ሲል ናዝሬት ከቤቱ ጥግ፣ ከአሮጌው ፊያት አጠገብ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«እናትሽ ይቅር አሉኝ» አላት ቀርቦ።

«ሰማሁ።»

«አንቺስ?»

የፊያቷን በር፣ ያኔ ጥር ላይ የቀባላትን፣ በመዳፏ አበሰች።

«ስለ ፊርማው አልተቀየምኩህም» አለች በመጨረሻ። «አባዬን አውቀዋለሁ፤ ፈርም ካለ ማን እምቢ ይለዋል? ያስቀየመኝ ሌላ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ስለሱ ሳወራልህ ትሰማኝ ነበር። ስለ ሳቁ፣ ስለ ቁጣው። እሱ እንደሌለ እያወቅህ ከኔ ጋር ታልመው ነበር። አሁን እጅህን ሳየው እንኳ… እወድሃለሁ፣ ደምሴ። እሱ ነው የጨነቀኝ። እወድሃለሁ፣ አጠገብህ ግን መቀመጥ አልችልም።»

«ጊዜ ይፈልጋል፣ ናዚ። አንድ ዓመትም ቢሆን፣ ሁለትም…»

«አትበል!» እጇን አንሥታ አስቆመችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አትጠብቀኝ። ይህን ለማንም አልመኝም። መጠበቅ ሰው ላይ የሚሠራውን በዚህ ቤት ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ደንግጣ ስትነሣ፣ የመጣው ሌላ ሰው ሲሆን መልሳ ስትቀመጥ አይቻለሁ። አንተ እንደዚያ እንድትሆንብኝ አልፈልግም። እመጣለሁ አልልህም። ምናልባት ከመጣሁም ሳትጠብቀኝ ልምጣ። ሥራህን ሥራ፣ ሰው ውደድ፣ ኑር። እሺ በለኝ።»

«ናዚ…»

«እሺ በለኝ፣ ደምሴ! ይኼን አንዲት ነገር እንኳ እውነቱን ንገረኝ። አልጠብቅሽም በለኝ።»

ከድንኳኑ ውስጥ «ናዝሬት!» ብለው ጠሯት። አልተንቀሳቀሰችም፤ አፉን አፉን ታየዋለች።  ደምሰው ያቺን ፊት፣ ያበጠውን ዓይን፣ ያጠረውን ጸጉር በደንብ አየ።

«እሺ» አላት። «አልጠብቅሽም።»

ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች፤ አመነችው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ድንኳኑ ገባች። ደምሰው ናዝሬትን በሕይወቱ ለመጨረሻ ጊዜ የዋሻት ያኔ ነው።